ዩኒቨርስ የሚይዘው መረጃ ልክ ካለው፣ ብዙ ዓለማት የት ይገባሉ?

የመንዝ ሰማይ (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች፣ እንደምን ከረማችሁ? መሐል ሜዳ ፊዚክስ አስተምራለሁ። የማነሳው ጉዳይ ረዘም ይላል፤ ታገሡኝ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

አሜሪካ ውስጥ ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ጆን ዊለር የሚባል የፊዚክስ መምህር ነበር። ከተማሪዎቹ ሁለቱን ላንሳ።

አንደኛው ሂው ኤቨረት ነው። በ1957 የዶክትሬት ሥራውን ሲያቀርብ ደፋር ነገር ተናገረ። የኳንተም ቀመር፣ ማለትም እንደ ኤሌክትሮን ያሉ ጥቃቅን ነገሮች የሚመሩበት ሕግ፣ የትም ቦታ አይቋረጥም አለ። አንድ ኤሌክትሮን ወደ ላይም ወደ ታችም የመዞር ዕድል ካለው፣ ስንለካው አንዱ ዕድል አይጠፋም። ሁለቱም ይሆናሉ። ወደ ላይ ያየ ሰው አለ፤ ወደ ታች ያየውም ያው ሰው አለ። ከዚያ በኋላ ግን ሁለቱ አይገናኙም። «ብዙ ዓለማት» የሚለውን ስም ያስፋፋው ብራይስ ዴዊት ነው፣ በ1970። ኤቨረት ራሱ ፊዚክሱን ትቶ ለአገሩ መከላከያ ስሌት ሲሠራ ኖረ፤ በ51 ዓመቱም አረፈ። ሐሳቡ ዛሬ ያገኘውን ክብር ሳያይ መሞቱ ሁሌም ያሳዝነኛል።

ሁለተኛው ተማሪ ጄኮብ ቤከንስታይን ነው። በ1972 ከዊለር ዘንድ ዶክትሬቱን ያዘ። ብላክ ሆል (ብርሃን እንኳ የማያመልጠው የሰማይ አካል) ውስጥ የገባ ነገር መረጃው የት ይሄዳል ብሎ ጠየቀ። መልሱ ሁሉንም አስደነገጠ። ብላክ ሆል የሚይዘው መረጃ የሚለካው በውስጡ ባለው ቦታ ሳይሆን በላይኛው ገጹ ስፋት ነው። በ1974 ስቲቨን ሆኪንግ ትክክለኛውን ቁጥር አገኘለት። በ1981 ደግሞ ቤከንስታይን ነገሩን ከብላክ ሆል አውጥቶ ለሁሉም ነገር አደረገው። መጠኑና ኢነርጂው የታወቀ ማንኛውም ነገር ሊይዝ የሚችለው መረጃ ጣሪያ አለው።

በ1998 የሥነ ፈለክ ሰዎች ዩኒቨርስ የሚሰፋው እየፈጠነ መሆኑን ደረሱበት። ይህ ለኛ ጉዳይ ትልቅ ነገር ነው። መስፋቱ እንዲህ ከቀጠለ አድማስ አለ ማለት ነው። ወደ 16 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል። ከዚያ ማዶ ዛሬ የሚነሳ ብርሃን፣ የፈለገውን ያህል ብንጠብቅ አይደርሰንም። የዚህን አድማስ ስፋት ቀመሩ ውስጥ ስታስገቡ፣ በውስጡ ሊኖር የሚችለው መረጃ 1 ተጽፎ 122 ዜሮ የሚከተለው ያህል ቢት ይሆናል። ቢት ማለት አንድ «ዜሮ ወይም አንድ» ነው። በጣም ትልቅ ነው፤ ግን ያልቃል።

አሁን ጥሉን ተመልከቱ። ኪውቢት ማለት ሁለት ዕድል ያለው የኳንተም ነገር ነው። የአንድ ኪውቢትን ሁኔታ ለመጻፍ 2 ቁጥር ያስፈልጋል። ቁጥሮቹ አምፕሊቱድ ይባላሉ። ሁለት የተቆራኙ (ሁኔታቸው ለየብቻ ሊጻፍ የማይችል) ኪውቢቶች 4 ይፈልጋሉ። ሦስት ሲሆኑ 8። አሥር ሲሆኑ 1,024። 53 ላይ ወደ 9 ሺህ ትሪሊዮን ይደርሳል። 266 ላይ በሚታየው ዩኒቨርስ ውስጥ አሉ ከሚባሉት አተሞች ይበልጣል፤ እነሱ 1 ከ80 ዜሮ ጋር ናቸው። 400 ላይ 120 ዜሮ። 406 ላይ የዩኒቨርስን ጣሪያ አለፍን።

ፖል ዴቪስ የሚባለው የፊዚክስ ሊቅ የጠየቀው ይህንን ነው። አራት መቶ ምናምን ቅንጣት በደንብ ከተቆራኘ፣ ሁኔታውን ለመጻፍ መላው ዩኒቨርስ አይበቃም። ዩኒቨርስ ራሱ የማይችለውን ሒሳብ የተፈጥሮ ሕግ እንዴት ይከተለዋል? የሐሳቡ ሥር የአይቢኤሙ ሮልፍ ላንዳወር ነው። ላንዳወር መረጃ ሁሌም በቁስ ላይ የተጻፈ ነው፤ ብቻውን የሚንሳፈፍ መረጃ የለም ይል ነበር። እነሱ ትክክል ከሆኑ የኳንተም ቀመር የሆነ ቦታ ላይ ይላላል። ቀመሩ ከላላ የኤቨረት ዓለማት የቆሙበት መሠረት ተናደ።

እኔ አይናድም ባይ ነኝ። ቤከንስታይንንም ኤቨረትንም አምናለሁ። ምክንያቴን ከመናገሬ በፊት ግን የናንተን ልስማ።


ሰላም ዘጠባሴ

ደስ የሚል ርዕስ ነው መምህር። ደብረ ብርሃን ኮምፒውተር ሳይንስ እማራለሁ፤ ኳንተም ኮምፒውተር (በኪውቢት የሚያሰላ ማሽን) ላይ ትንሽ አንብቤአለሁ። የጠቀሱት 53 ኪውቢት ጉግል በ2019 ያሳየው የሲካሞር ማሽን ልክ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። 400 ኪውቢት ቢኖረኝ ከማሽኑ የማነበው 400 ዜሮና አንድ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ማውጣት አይቻልም። ሆሌቮ የሚባል የሶቭየት ሒሳብ ሊቅ ይህን በ1973 አረጋግጧል። እና 120 ዜሮ ያለው ቁጥር በእርግጥ መረጃ ነው? ወይስ እኛ ወረቀት ላይ ስንጽፈው ብቻ የሚመጣ ነው? እኔ እዚህ ላይ ተይዣለሁ።


የሮቢት ልጅ

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ ነጋዴ ነኝ። ጽሑፉን ደግሜ አነበብኩት፤ ብዙው ገብቶኛል። ለነቀፋ አይደለም፣ ማወቅ ፈልጌ ነው። ሸዋ ሮቢት ላለ ሰው ሌላ ዓለም ኖረ አልኖረ ምን ያደርግለታል?


የመንዝ ሰማይ

ተገቢ ጥያቄ ነው ወንድሜ። በስልክህ ብር ስትልክ ገንዘብህን ከሚጠብቁት ነገሮች አንዱ፣ ትልቅ ቁጥርን ወደ አካፋዮቹ መበተን ለኮምፒውተር ከባድ መሆኑ ነው። በ1994 ፒተር ሾር ኳንተም ኮምፒውተር ይህን በቀላሉ እንደሚሠራው አሳየ። ማሽኑ ግን የሚሠራው ዴቪስ «አይቻልም» በሚለው ክልል ውስጥ ገብቶ ነው። ዴቪስ ልክ ከሆነ ያ ማሽን መቼም አይሠራም። ካልሆነ ባንኮች ሁሉ ቁልፋቸውን መቀየር አለባቸው፤ ጀምረውታልም።

ጥቅሙ ብቻ አይደለም ግን። መንዝ ላይ መብራት ሲጠፋ ሰማዩ ምን እንደሚመስል ታውቃለህ። ያንን እያየሁ ይሄ ሁሉ ልክ አለው ወይ ብሎ መጠየቅ ለኔ ከእንጀራ እኩል ነው።


መምህር ዘአንኮበር

የሮቢቱ ወንድማችን፣ ያገራችን ሰው ሰማይን መጠየቅ የጀመረው ዛሬ አይደለም። አጼ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን በሰማይ ብርሃን ታየ ተብሎ ነው ደብረ ብርሃንን የቆረቆሩት። የ1456ቱ የሃሌ ኮሜት ነው የሚሉ ታሪክ ጸሐፊዎች አሉ። ያ ኮሜት በየ76 ዓመቱ ገደማ ይመለሳል፤ በ1986ም መጥቶ ነበር። እዚህ የምንነጋገርበት አድማስ ግን ያለፈውን አይመልስም።

ወደ ክርክሩ ልግባ። ሒሳብ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። እኔ ከላንዳወር ጋር ነኝ። ለተማሪ ፓይ ማለቂያ የሌለው አሃዝ አለው እንላለን። ያን ሁሉ አሃዝ የጻፈም የሚጽፍም ግን የለም። ላንዳወር ያለው፣ የፊዚክስ ሕግ ዩኒቨርስ ሊያሰላው ከሚችለው በላይ ጥራት አይኑረው ነው። ይህ ጤነኛ ሐሳብ ነው።

ቁጥሩንም አጥብቄዋለሁ። ሴዝ ሎይድ በ2002 እንዳሰላው፣ ዩኒቨርስ ከተወለደ ጀምሮ ሊሠራ የቻለው ስሌት 1 ከ120 ዜሮ ጋር አይበልጥም። የስበት መረጃ ካልተጨመረበት ደግሞ ያለው ቢት 1 ከ90 ዜሮ ጋር ብቻ ነው። በዚህ ከሄድን ድንበሩ 400 ሳይሆን 300 ኪውቢት ላይ ነው። ደግሞ ልብ በሉ፤ ጣሪያው ላይ ብንሳሳትና በ100 እጥፍ ብናሳድገው የሚጨመረው 7 ኪውቢት ብቻ ነው። ስለዚህ የዴቪስ ድንበር በቀላሉ የሚነቃነቅ አይደለም።

እንግዲህ የመንዙ መምህር፣ ይመልሱልኝ።


ጫጫ

እየተከታተልኩ ነው። አንድ ትንሽ ጥያቄ፦ ለዩኒቨርስ ሳይሆን ቅርባችን ላለ ነገር ጣሪያው ስንት ነው?


የመንዝ ሰማይ

ለጫጫ፦ አንድ ኪሎ ተኩል የሚመዝን የሰው አንጎል ብንወስድ፣ በቤከንስታይን ቀመር ጣሪያው 26 ተጽፎ 41 ዜሮ የሚከተለው ያህል ቢት ነው። አንጎል በተግባር ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው የሚይዘው። ጣሪያውን የሚሞላው ብላክ ሆል ብቻ ነው።

ለመምህር ዘአንኮበርና ለሰላም አንድ ላይ ልመልስ። የክሩም ዋና ነገር ይሄ ነው።

ጣሪያው የሚቆጥረው ምንድን ነው? ሳጥን ውስጥ 3 ኪውቢት አለ እንበል። አምፕሊቱዶቹ 8 ናቸው። ቤከንስታይንን ይህ ሳጥን ስንት ቢት ይይዛል ብትሉት መልሱ 3 ነው። 8 አይልም። እሱ የሚቆጥረው በልኬት ለይተን ልናውቃቸው ከምንችላቸው ሁኔታዎች ቁጥር ሎጋሪዝሙን ነው። የሚለዩት ሁኔታዎች 8 ናቸው፤ የ8 ሎጋሪዝም በ2 መሠረት 3 ነው (2 በ2 በ2 ሲባዛ 8 ነውና)። ሰላም ያመጣችው የሆሌቮ ውጤትም ይሄው ነው። 3 ኪውቢት፣ 3 ቢት።

አሁን ይህን ወደ ዩኒቨርስ ውሰዱት። 122 ዜሮ ያለው ያ ቁጥር የኪውቢት ቁጥር ነው። የአምፕሊቱድ ቁጥር አይደለም። አምፕሊቱዱን ከፈለጋችሁ 2ን በራሱ ያን ያህል ጊዜ ማባዛት አለባችሁ። የሚመጣው ቁጥር ዜሮዎቹን እንኳ ጽፎ የሚጨርስ የለም። የሆሎግራም መርህ የሚባለው (በአንድ ቦታ ውስጥ ያለው መረጃ ሁሉ በዙሪያው ገጽ ላይ ይጻፋል የሚለው)፣ በ1993 ኸራርት ት'ሆፍት ያነሳውና ሊዮናርድ ሰስኪንድ ያጠናከረው፣ ሲጀመር የኳንተም ሐሳብ ነው። ያንን ሁሉ አምፕሊቱድ አስቀድሞ ፈቅዷል። ዴቪስ ግን አምፕሊቱዱን ከቢቱ ጋር ፊት ለፊት ያስቀምጣቸዋል። ለዚህ የላንዳወርን ሐሳብ ከላይ መጨመር አለበት፤ አምፕሊቱድ ሁሉ የሆነ ቦታ መጻፍ አለበት ማለት አለበት። ያ እምነት ነው። ከቤከንስታይን ቀመር አይወጣም።

ይህ ማለት ግን ጣሪያው ለኤቨረት ምንም አይለውም ማለት አይደለም። እንዲያውም ብዙ ነው የሚለው። አንድ ዓለም ከሌላው ተለየ የሚባለው ልዩነቱ ሲመዘገብ ነው። የመለኪያው መርፌ ላይ፣ አየሩ ላይ፣ ግድግዳውን ነክቶ የሄደው ብርሃን ላይ። እያንዳንዱ መዝገብ ቢያንስ አንድ ቢት ይበላል። ቢቱ ካለቀስ? መከፈሉም ያልቃል። በአንድ ታሪክ ውስጥ 122 ዜሮ ካለው ቁጥር በላይ የአዎና የአይደለም መከፈል ሊመዘገብ አይችልም። ዓለማቱ እልፍ አእላፍ ናቸው፤ ማለቂያ የሌላቸው ግን አይደሉም። «ሊታሰብ የሚችል ነገር ሁሉ የሆነ ቦታ እየሆነ ነው» እየተባለ በቪዲዮ የሚሰበከው በዚህ አይቆምም። ከጣሪያው በላይ ዝርዝር ያለው ታሪክ የትኛውም ዓለም ላይ የለም።

ለኔ ቤከንስታይን የኤቨረትን ቤት አላፈረሰበትም። ስንት ክፍል እንዳለው ነገረው እንጂ።


መምህር ዘአንኮበር

ሎጋሪዝሙን ተቀብያለሁ። በደንብ ነው ያስረዱት። ላንዳወርን ግን «እምነት» ብለው ባያልፉት። ኤቨረትም ቀመሩ እስከ መጨረሻው ይሠራል ሲል እያመነ ነው። በ400 የተቆራኘ ነገር ላይ ማንም ሞክሮት አያውቅምና።


የመንዝ ሰማይ

ይህስ እውነት ነው መምህር። ሁለቱም ገና ያልተፈተኑ ናቸው። ለዚህ ነው ጉዳዩን የምወደው።


ጣርማበር

ደብረ ሲና ነው የምኖረው፤ ሥራዬ መኪና መንዳት ነው። ከዋሻው ወጥተህ ቁልቁል ስትጀምር ጉም ከወረደ ፊትህ የነበረው መኪና ይሰወርብሃል። የለም አትልም። ታች ጉሙ ሲገልጥ ታገኘዋለህ። የናንተ አድማስ ግን መቼም የማይገልጥ ጉም ነው። ታዲያ ከማዶው ያለው ጋላክሲ አለ ነው የሚባለው? አለ ካላችሁ ደግሞ የማላገኘው የኤቨረት ዓለም ከእሱ በምን ይለያል?


የመንዝ ሰማይ

ጣርማበር፣ ሁለት ትልልቅ ሊቃውንት ከዚህ ጥያቄህ ጋር የሚቀራረብ ነገር ጽፈዋል። በ2011 ራፋኤል ቡሶና ሊዮናርድ ሰስኪንድ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት ዓለማት የሚለያዩበት መንገድ ዲኮሂረንስ ይባላል። ዲተር ዜህ በ1970 ጀመረው፤ ቮይቼክ ዙሬክ አስፋፋው። ኤሌክትሮኑን ስትለካው ውጤቱ ወደ አካባቢው ያፈስሳል። አንድ ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) ነክቶት ይሄዳል፤ ሌላው የአየር ሞለኪውል ይመታዋል። ልዩነቱ በብዙ ቢሊዮን ቦታ ስለተበተነ ሁለቱን መልሶ መቀላቀል አይቻልም። «አይቻልም» ስንል ግን በተግባር ነው። በመርህ ደረጃ ፎቶኖቹን ሁሉ ለቅሞ የሚመልስ ሰው ቢኖር መከፈሉ ይሰረዛል። ይህ የኤቨረትን ሐሳብ ሲጎረብጠው የኖረ ነገር ነው። ዓለም ተከፈለ የሚባለው መቼ ነው? ቁርጥ ያለ መልስ አልነበረውም።

ቡሶና ሰስኪንድ አድማሱን አመጡት። ከፎቶኖቹ አንዱ አድማሱን ካለፈ ማንም ሊመልሰው አይችልም። ማሽን ቢራቀቅ፣ ጊዜ ቢሰጠው አይችልም። ያኔ መከፈሉ ይጸናል። ስለዚህ መረጃን የሚገድበው አድማስና ዓለማትን ለዘለቄታው የሚለያየው አድማስ አንድ ነው። እነሱ ከዚህ አልፈው፣ በጠፈር ርቀው ያሉት ዓለማትና የኤቨረት ዓለማት ያው አንድ ናቸው እስከ ማለት ደርሰዋል። በዚህ በኩል አንተ የጠየቅከው ልዩነት የለም ማለት ነው።

እኔ እስከዚያ ድረስ አልሄድም። ግን ከጣሪያውና ከብዙ ዓለማት አንዱን ምረጡ ለሚሉን ትልቅ መልስ ነው። ያለ አድማሱ መከፈሉ አይጸናም።


የቅኔ ተማሪ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ከፊዚክሱ ሩቅ ነኝ፤ ስለዚህ በትዕግሥት ተቀበሉኝ። ሁለት ነገር አስጨንቆኛል። አንደኛ፣ ይህ ሊቃውንቶቻችን ከሚያስተምሩን ከሰባቱ ሰማያት፣ ከኢዮርና ከራማ ከኤረርም ጋር ይገናኛል? ሁለተኛ፣ እኔ ዛሬ ክፉ ላለማድረግ ብወስን፣ በሌላው ዓለም ያለሁት እኔ አድርጌዋለሁ ማለት ነው? እንዲህ ከሆነ መወሰኔ ምን ዋጋ አለው?


የመንዝ ሰማይ

ወንድሜ፣ የመጀመሪያው አይገናኝም። ሰባቱ ሰማያት የሃይማኖት ትምህርት ናቸው፤ ከቅዱሳት መጻሕፍትና ከአባቶች የመጡ። የኤቨረት ዓለማት ከአንድ ቀመር የወጡ ናቸው፤ ቀመሩ ከወደቀ አብረው ይወድቃሉ። አንዱን ለሌላው ማስረጃ ማድረግ ሁለቱንም ይጎዳል።

ሁለተኛው በጣም የሚነካ ጥያቄ ነው። ብዙ ሰው ሰው በወሰነ ቁጥር ዓለም ይከፈላል ብሎ ያስባል። ቀመሩ እንዲህ አይልም። የሚከፍለው የኳንተም ክስተት ነው። ማክስ ቴግማርክ በ2000 አንጎል ውስጥ የኳንተም ቅልቅል (ሁለት ዕድል አብሮ መኖሩ) ስንት ጊዜ እንደሚቆይ አስልቷል። የወጣለት ረጅሙ ጊዜ ከሰከንድ ሺህ ቢሊዮንኛ እንኳ ያንሳል። ሐሳብ ደግሞ ከሺህኛ ሰከንድ በላይ ይፈጃል። ስለዚህ ሰው ሲያመዛዝንና ሲወስን የኳንተም ሳንቲም እየወረወረ አይደለም። ውሳኔህ ከአስተዳደግህ፣ ከትምህርትህ፣ ከጸሎትህ የሚመጣ ነው። አንተን የሚመስሉት ዓለማት አብዛኞቹ ላይም አንተ የምትወስነውን ነው የሚወስኑት። መልካም ሰው መሆንህ ዋጋ አለው።


የቅኔ ተማሪ

እግዜር ይስጥልኝ። አብዛኞቹ ማለትህን ግን ልብ ብያለሁ።


መምህር ዘአንኮበር

እሱ «አብዛኞቹ» የሚለውን ይዞ ሳይለቅ እኔም ልያዝ። ኤሌክትሮኑ ወደ ላይ የመሆን ዕድሉ 90 በመቶ፣ ወደ ታች 10 በመቶ ነው እንበል። በኤቨረት ሁለቱም ይሆናሉ። ሁለት ዓለም፣ አንድ ለአንድ። 90 እና 10 የት ሄዱ?


የመንዝ ሰማይ

የኤቨረት ደካማ ጎን ይህ ነው፤ አልደብቅም። ዴቪድ ዶይች በ1999 መልስ ሞክሯል። በየዓለማቱ ያለ አስተዋይ ሰው ሲወራረድ 90 እና 10 አድርጎ መወራረድ እንዳለበት ከቀመሩ አወጣለሁ ብሎ። አንዳንዱን አሳምኗል፤ ብዙዎችን አላሳመነም። እኔን ግማሽ መንገድ ነው ያደረሰኝ።

ደስ የሚለው፣ እዚህ ላይ የእርስዎ ላንዳወር ሊረዳን መቻሉ ነው። አምፕሊቱድ በተወሰነ ጥራት ብቻ የሚኖር ከሆነ እጅግ ኢምንት የሆኑት ዜሮ ይሆናሉ። ሳንቲም ሚሊዮን ጊዜ ተወርውሮ ሁሌ ዘውድ የወጣበት ዓይነት እብድ ዓለም ይጠፋል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሐሳብ ያቀረቡ የፊዚክስ ሰዎች አሉ። አልወሰንኩበትም፤ ግን እያሰብኩበት ነው።


ሰላም ዘጠባሴ

ቀኑን ሙሉ መብራት አልነበረም፣ አሁን ነው ያነበብኩት። ፈተናውን በተመለከተ ልጻፍ፤ ይህ የኔ መስክ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ይጥራ። ኪውቢት መቁጠር ብቻውን አይበቃም። አይቢኤም በ2023 ኮንዶር የሚባል 1,121 ኪውቢት ያለው ቺፕ አሳይቷል። ስለዚህ ዴቪስ ተሸነፈ ማለት ነው? አይደለም። ኪውቢቶቹ ስሕተት ይበዛባቸዋል፤ ሁሉም በአንድ ላይ በደንብ አይቆራኙም። ደግሞ መቆራኘቱም ዓይነት አለው። 400 ኪውቢት «ሁሉም ዜሮ» እና «ሁሉም አንድ» በሚሉ ሁለት ዕድሎች ብቻ ቢቆራኙ የሚያስፈልገው 2 አምፕሊቱድ ነው። ይህ ለዩኒቨርስ ምንም አይከብደውም። ዴቪስን የሚፈትነው አምፕሊቱዶቹ ሁሉ በሥራ ላይ ያሉበት ሁኔታ ነው።

ለዚህ የሾር ዘዴ ጥሩ ነው። መጀመሪያ በቀረበው አሠራር የቁጥሩ ቢት እጥፍ ያህል ኪውቢት ሁሉንም ዕድል በአንድ ላይ ይይዛል፤ ከዚያ ከሌሎቹ ጋር ይቆራኛል። የ240 ቢት ቁጥር ብንሰጠው 480 ኪውቢት እንዲህ ይሆናል፤ ከመልስ መያዣው ጋር ከ720 በላይ። አምፕሊቱዱ 1 ከ144 ዜሮ ጋር ያልፋል። ከጣሪያው በብዙ ይበልጣል። ማሽኑ ትክክለኛ አካፋዮችን ካወጣ ዴቪስ ያለው ድንበር የለም። ስሕተት ሁሉ ታርሞ እንኳ ሁሌ ጣሪያው አካባቢ ከተሰበረ ደግሞ ትልቅ ነገር ተገኘ ማለት ነው።

አንድ ማምለጫ ግን አለ። የሾር ሁኔታ አጭር መመሪያ አለው። ዩኒቨርስ መመሪያውን ብቻ ነው የሚይዘው፣ አምፕሊቱዱን አይጽፍም ሊባል ይችላል።


መምህር ዘአንኮበር

መመሪያውስ አጭር ነው ልጄ። መመሪያውን መፈጸም ግን ሥራ ነው። በተራ ኮምፒውተር ያንን ሁኔታ እርምጃ በእርምጃ አስመስሎ መሥራት፣ እስካሁን በምናውቀው መንገድ፣ ዩኒቨርስ ያለውን ስሌት ሁሉ ይጨርሳል። ማሽኑ ከሠራ እኔ ላንዳወርን እተዋለሁ። ይህን በአደባባይ ጽፌዋለሁ።


የመንዝ ሰማይ

እኔም ልጻፍ። እንዲህ ያለ ንጹሕ ማሽን ጣሪያው ላይ ሲደርስ ሁሌ የሚወድቅ ከሆነ፣ ማሽኑን የሠሩት ሰዎች የተለያዩ ሆነው ድንበሩ አንድ ከሆነ፣ ብዙ ዓለማትን እተዋለሁ። ከሠራ ደግሞ ኤቨረት ተረጋገጠ አልልም። አንድ ትልቅ ተቃዋሚ ቀነሰለት እላለሁ። ያለኝ አቋም ይሄው ነው።

ሰላም፣ ማሽኑ መቼ ይደርሳል ትያለሽ?


ሰላም ዘጠባሴ

ዓመት መጥራት አልደፍርም። መንገዱ ግን ይታወቃል። ኪውቢቶቹ ስሕተት ስለሚበዛባቸው አንድ ንጹሕ ኪውቢት ለማግኘት ብዙ መቶ ወይም ከሺህ በላይ ተራ ኪውቢት ይፈጃል። በ2019 የወጣ ስሌት የ2,048 ቢት ቁጥር ለመበተን 20 ሚሊዮን ተራ ኪውቢት ያስፈልጋል ይል ነበር። በ2025 የወጣው አዲስ ስሌት ከአንድ ሚሊዮን በታች አውርዶታል። የኛ ፈተና ቁጥሩ ከዚያ ያነሰ ነው፤ ከባንኮቹ ቁልፍ ቀድሞ ይመጣል ብዬ አስባለሁ።


የሮቢት ልጅ

240 ቢት ስንት አሃዝ ነው? መልሱ ትክክል መሆኑንስ ማን ያረጋግጣል? ሌላ ኳንተም ማሽን ያስፈልጋል?


ሰላም ዘጠባሴ

72 ወይም 73 አሃዝ ነው። ማረጋገጫ ማሽን አያስፈልግም። የወጡትን ሁለት አካፋዮች እርስ በርስ ማባዛት ነው፤ የመጀመሪያው ቁጥር ከተመለሰ ልክ ነው። ይህን ያህል ቁጥር ተራ ኮምፒውተርም በራሱ መንገድ ይበትነዋል። 100 አሃዝ ያለው አርኤስኤ የሚባል የውድድር ቁጥር በ1991 ተበትኗል። ስለዚህ መልሱ ምስጢር አይሆንም። ፈተናው ያለው መልሱ በተገኘበት መንገድ ላይ ነው።


መምህር ዘአንኮበር

አካፋዮቹ እያንዳንዳቸው 36 አሃዝ አካባቢ ይሆናሉ። 36 በ36፣ 1,296 ትንንሽ ማባዛት ነው፤ ከዚያ መደመር። በእጅ ይሠራል።